የሞት ምክንያት መርማሪ ጽሕፈት ቤቶች ቆጠራ፡- የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በአገሪቱ የሚገኙትን የሞት ምክንያት መርማሪ ጽሕፈት ቤቶች ብዛት፣ የሰው ኃይል፣ በጀትና የሥራ ጫና የሚለካ አገር አቀፍ ቆጠራ በራሱ ወጪ እ.ኤ.አ በ2004 እና በ2018 አካሂዷል። ቆጠራውን ያስፈጸመው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ ሲሆን፣ መረጃ የማሰባሰቡን ሥራ አር ቲ አይ ኢንተርናሽናል ከተባለ የምርምር ተቋም ጋር በመተባበር አከናውኗል።

ቆጠራው የተመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች አንድ ሰው በድንገት፣ በአደጋ፣ በሰው እጅ፣ ራሱን በማጥፋት ወይም ባልታወቀ ሁኔታ ሲሞት፣ የአሟሟቱን ምክንያት አጣርተው በሞት የምስክር ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ በሕግ ኃላፊነት የተጣለባቸው ናቸው። ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ሲጀምር፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት፣ የጤና ባለሥልጣናት የወረርሽኝ መረጃ ሲያጠናቅሩ፣ የመድን ድርጅቶች ክፍያ ሲፈጽሙና ቤተሰብ የውርስ ጉዳይ ሲያስጨርስ ሁሉም የሚመለከቱት ይህንኑ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚሞሉት መሥሪያ ቤቶች ስንት እንደሆኑ፣ በምን አቅምና በማን እንደሚመሩ በውል ካልታወቀ፣ በወረቀቱ ላይ የተመሠረተው አገራዊ አኃዝ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ማወቅ ያዳግታል። የፌዴራል መንግሥት ለቆጠራው ገንዘብ እንዲመድብ ያደረገው መሠረታዊ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሁለት ሥርዓቶች በአንድ አገር

በአሜሪካ የሞት ምክንያት ምርመራ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን አይደለም። ሥራው የክልል መንግሥታትና በሥራቸው የሚገኙት ካውንቲዎች በመሆኑ፣ አሠራሩ ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። ያም ሆኖ አሠራሮቹ በአመዛኙ በሁለት ሥርዓቶች ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው የኮሮነር ሥርዓት ነው። የኮሮነር ሹመት እ.ኤ.አ በ1194 በእንግሊዝ የተጀመረ ሲሆን፣ የሹሙ ቀዳሚ ተግባር ከሞትና ከወንጀል ጋር በተያያዘ ለዘውዱ የሚገባውን ገቢ ማስጠበቅ ነበር። ሹመቱ ከሰፋሪዎች ጋር ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። ዛሬም በብዙ የአሜሪካ ካውንቲዎች ኮሮነሩ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ባለሥልጣን ነው። በበርካታ ክልሎች ለምርጫው መወዳደር የሚያስችለው መስፈርት የዕድሜና የነዋሪነት ጉዳይ እንጂ የሕክምና ትምህርት አይደለም። በአብዛኞቹ የካሊፎርኒያ ካውንቲዎች የኮሮነርነቱን ሥራ የካውንቲው የፖሊስ አዛዥ የሆነው ሸሪፍ ደርቦ ይሠራል። በቴክሳስ ደግሞ የሕክምና መርማሪ በሌላቸው ካውንቲዎች ኃላፊነቱ የአካባቢ ዳኞች ነው።

ሁለተኛው የሕክምና መርማሪ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ጽሕፈት ቤቱን የሚመራው በሹመት የሚመደብ ሐኪም ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በአስከሬን ምርመራ ልዩ ሥልጠና ያገኘ የፎረንሲክ ፓቶሎጂ ባለሙያ ነው። ቦስተን እ.ኤ.አ በ1877 ኮሮነሮችን በሐኪሞች በመተካት ቀዳሚ ሆናለች። የሜሪላንድ ክልል በበኩሉ እ.ኤ.አ በ1939 መላ ክልሉን የሚሸፍን የሕክምና መርማሪ ሥርዓት አቋቁሟል።

የኒው ዮርክ ከተማ ታሪክ ለዛሬው ቆጠራ ምሳሌ የሚሆን ነው። የከተማዋ የሂሳብ ኮሚሽነር የነበሩት ሌናርድ ዎልስታይን እ.ኤ.አ በ1915 የኮሮነሮችን አሠራር መርምረው ባቀረቡት ሪፖርት፣ በርካታ የሞት የምስክር ወረቀቶች በግዴለሽነት የተሞሉና የማይታመኑ መሆናቸውን አጋለጡ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የኮሮነርነትን ሹመት የሻረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ከ1918 ጀምሮ ሥራው በሐኪሙ ቻርልስ ኖሪስ በሚመራ የሕክምና መርማሪ ጽሕፈት ቤት ተተካ። ማሻሻያው የመጣው የመሥሪያ ቤቱ አሠራር በቅድሚያ ተመርምሮ ጉድለቱ በማስረጃ ከተረጋገጠ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የብሔራዊ የምርምር ምክር ቤትም እ.ኤ.አ በ1928 ባወጣው ሪፖርት የኮሮነር ሹመት ጊዜ ያለፈበት በመሆኑ እንዲቀር አሳስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የየክልሉ ሕግ፣ በአንዳንድ ቦታም የየክልሉ ሕገ መንግሥት በመሆኑ ምክረ ሐሳቡ በመላ አገሪቱ ተግባራዊ ሊሆን አልቻለም።

የገንዘብ ምደባውና የአሠራሩ ሂደት

የፌዴራል መንግሥት የካውንቲ ኮሮነርን የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ስለሆነም መረጃ የሚያገኘው በመጠየቅ፣ ለውጥ የሚያመጣው ደግሞ በድጎማ ነው። የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ በ1979 የተቋቋመ ሲሆን፣ ስለ ወንጀልና ስለ ፍትሕ አስተዳደር አኃዛዊ መረጃ የማሰባሰብና የማሳተም ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ቢሮው እንዲህ ያሉ ጥናቶችን በአብዛኛው የሚያካሂደው በትብብር ስምምነት አማካይነት ነው። በዚህ አሠራር መንግሥት ገንዘቡን ይመድባል፣ የጥናቱን ይዘት ይወስናል፣ ውጤቱንም ያሳትማል። ተባባሪው ተቋም ደግሞ መጠይቁን ያሰራጫል፣ ምላሽ ያልሰጡትን ይከታተላል፣ መረጃውንም ያጠራል።

ገንዘብ መመደቡ ብቻውን መጠይቅ ለማሰራጨት አያበቃም። ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከአሥር ለሚበልጡ ወይም ለአሥር ሰዎችና ተቋማት ተመሳሳይ ጥያቄ ከማቅረቡ አስቀድሞ የአስተዳደርና የበጀት ቢሮን ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት በሕግ ተደንግጓል። በዚህም መሠረት ዕቅዱ ፌዴራል ሬጅስተር በተባለው የመንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ ላይ መጀመሪያ ለ60 ቀናት፣ ቀጥሎም ለ30 ቀናት ወጥቶ ከሕዝብ አስተያየት ይቀርብበታል። መጠይቁን መሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚወስድና በምላሽ ሰጪዎች ላይ በድምሩ ስንት የሥራ ሰዓት እንደሚያስከትል ተሰልቶ መቅረብ ይኖርበታል። የሕጉ ዓላማ በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተመሳሳይ መረጃ በተደጋጋሚ በመጠየቅ የአካባቢ አስተዳደሮችን ሥራ እንዳያጓትቱ መከላከል ነው።

ለቆጠራው ምላሽ መስጠት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። በተጨማሪም ቢሮው የሚሰበስበው መረጃ ለስታቲስቲክስና ለምርምር ዓላማ ብቻ እንዲውል ሕግ ያስገድዳል።

የመጀመሪያው ቆጠራ ያሳየው

እ.ኤ.አ የ2004 ዓመትን የተመለከተው ቆጠራ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ በሰኔ 2007 ነበር። በዚሁ ሪፖርት መሠረት በአገሪቱ 1 ሺህ 998 ያህል ጽሕፈት ቤቶች የነበሩ ሲሆን፣ ከእነዚህም 80 በመቶ የሚሆኑት የካውንቲ ኮሮነር ጽሕፈት ቤቶች ነበሩ። 16 ክልሎች በማዕከል የሚመራ የሕክምና መርማሪ ሥርዓት፣ 14 ክልሎች የካውንቲ ኮሮነር ሥርዓት፣ 7 ክልሎች የካውንቲ የሕክምና መርማሪ ሥርዓት፣ ቀሪዎቹ 13 ደግሞ የሁለቱን ቅይጥ ይከተሉ ነበር።

በጽሕፈት ቤቶቹ የተሠማሩት ሠራተኞች በሙሉ ጊዜ ሲሰላ 7 ሺህ 320 ያህል፣ የሁሉም ዓመታዊ በጀት በድምሩ 718 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዓመቱ 956 ሺህ ያህል ሞቶች ለጽሕፈት ቤቶቹ ሪፖርት የተደረጉ ሲሆን፣ ለምርመራ ተቀባይነት ያገኙት 487 ሺህ ያህል ናቸው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በዓመት 2 ነጥብ 4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞቱ ስለነበር፣ ከአምስት ሟቾች የአንዱን ያህል የሞት ምክንያት የወሰኑት እነዚሁ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ ማለት ነው።

ከሪፖርቱ ግኝቶች ሁሉ የባለሥልጣናትን ትኩረት ይበልጥ የሳበው ማንነታቸው ያልታወቀ ሟቾች ጉዳይ ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ በአማካይ ዓመት 4 ሺህ 400 ያህል ማንነታቸው ያልታወቀ አስከሬኖችን እንደሚቀበሉና ከእነዚህም አንድ ሺህ ያህሉ ዓመት ከሞላቸው በኋላም ሳይለዩ እንደሚቀሩ ቆጠራው አመልክቷል። እ.ኤ.አ እስከ 2004 ድረስ በመዝገብ የተያዙት ማንነታቸው ያልታወቀ ሟቾች 13 ሺህ 486 ነበሩ።

ይሁንና ብሔራዊ የፍትሕ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአገሪቱ ማንነታቸው ያልታወቀ ሟቾች አጽም ከ40 ሺህ በላይ ሊሆን እንደሚችል ተገምቶ ነበር። በግምቱና በቆጠራው መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት ራሱ መረጃ ነው። ቆጠራው የሚያሳየው ጽሕፈት ቤቶቹ በመዝገባቸው የያዙትን ብቻ ሲሆን፣ የእነዚህን ሟቾች የራጅ ምስል፣ የዘረመል ናሙና ወይም የጣት አሻራ ለማቆየት የሚያስችል መመሪያ የነበራቸው ደግሞ 51 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። መረጃው ሳይቀመጥ የተቀበረ ሰው ከዓመታት በኋላ ዘመድ ቢፈልገው የሚገናኝበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። የጠፋባቸውን ሰው በአንድ ክልል የሚፈልጉ ቤተሰቦች፣ ሟቹ በሌላ ክልል በቁጥር ብቻ ተመዝግቦ ተቀብሮ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቁበት ዕድል አልነበረም።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት የፍትሕ ሚኒስቴር የጠፉና ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ብሔራዊ የመረጃ ሥርዓትን ያቋቋመ ሲሆን፣ የሟቾቹ የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ በ2007 ሥራ ጀምሯል። እ.ኤ.አ ከ2009 ወዲህም ከጠፉ ሰዎች የመረጃ ቋት ጋር ተያይዞ ሁለቱ መዛግብት እርስ በርስ እንዲመሳከሩ ተደርጓል። የሟች ቤተሰቦችም የጠፋባቸውን ሰው ራሳቸው በመረጃ ቋቱ ለመፈለግ ችለዋል።

ከአሥራ አራት ዓመታት በኋላ

ሁለተኛው ቆጠራ እ.ኤ.አ የ2018 ዓመትን የተመለከተ ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ ሆኗል። የጽሕፈት ቤቶቹ ብዛት 2 ሺህ 40፣ ሠራተኞቻቸው በሙሉ ጊዜ ሲሰላ 10 ሺህ 930 ሆነው ተገኝተዋል። ሪፖርት የተደረጉት ሞቶች ከ1 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ለምርመራ ተቀባይነት ያገኙት 605 ሺህ ያህል ናቸው። በመዝገብ የተያዙት ማንነታቸው ያልታወቀ ሟቾች ደግሞ 11 ሺህ 380 ነበሩ።

ሁለቱን ቆጠራዎች ማነጻጸር የሥራው ጫና ምን ያህል እንዳደገ ለመረዳት ያስችላል። ለምርመራ ተቀባይነት ያገኙት ሞቶች ከ2004 ጋር ሲነጻጸሩ ወደ 24 በመቶ የሚጠጋ ዕድገት አሳይተዋል። ማንነታቸው ያልታወቀ ሟቾች ቁጥር ዝቅ ማለቱን ግን በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። መዝገብ ያልያዘ ጽሕፈት ቤት ለቆጠራ የሚያቀርበው ስለማይኖረው፣ የቁጥሩ መቀነስ ብቻውን ችግሩ ተቃልሏል ለማለት አያስችልም።

በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ባሉት ዓመታት የጽሕፈት ቤቶቹን አቅም በይበልጥ የፈተነው ከመጠን ባለፈ የመድኃኒትና የአደንዛዥ ዕፅ አጠቃቀም የሚደርሰው ሞት ነው። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች ቁጥር እ.ኤ.አ በ2021 ከ106 ሺህ በላይ ደርሷል። የሞቱ መንስኤ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው በላቦራቶሪ በሚደረግ የመርዝ ምርመራ ሲሆን፣ ይህም ገንዘብና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። አነስተኛ በጀት ያለው ካውንቲ ምርመራውን በጥልቀት ሳያስደርግ ‹‹በመድኃኒት መመረዝ›› ብሎ የጻፈበት የምስክር ወረቀት፣ ገዳዩ ሄሮይን ይሁን ፌንታኒል ወይም በሐኪም የታዘዘ ማስታገሻ ሳይለይ ወደ አገራዊው አኃዝ ይገባል።

ከበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል የተገኘው መረጃ እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ ከ1999 እስከ 2013 ድረስ ከእንዲህ ዓይነቶቹ የሞት የምስክር ወረቀቶች ውስጥ የንጥረ ነገሩን ስም የጠቀሱት ከ75 እስከ 79 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። ከአራትና ከአምስት ሟቾች የአንዱ ገዳይ ምን እንደነበረ በአገራዊው መረጃ አልታወቀም ማለት ነው። መጠኑ እ.ኤ.አ በ2014 ወደ 81 በመቶ፣ በ2018 ደግሞ ወደ 92 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ መሻሻል ሌላ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መሆኑንም ባለሙያዎች ያስገነዝባሉ። በአንድ የተወሰነ ንጥረ ነገር የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር ሲጨምር፣ ከጭማሪው የተወሰነው ክፍል የምዝገባው መሻሻል ውጤት ሊሆን ይችላል። የመርማሪ ጽሕፈት ቤቶቹን አቅም ሳያውቁ የጤና በጀት የሚያከፋፍሉ ኃላፊዎች፣ ምርመራ በሚገባ የሚያካሂደውን ካውንቲ ችግር የበዛበት፣ የማያካሂደውን ደግሞ ችግር የሌለበት አድርገው ሊመለከቱ ይችላሉ።

ከቆጠራ ወደ ድጎማ

ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2009 ስለ ፎረንሲክ ሳይንስ ባወጣው ሪፖርት የመጀመሪያውን ቆጠራ ውጤቶች በስፋት ተጠቅሟል። ምክር ቤቱ የኮሮነር ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ቀርቶ በሕክምና መርማሪ ሥርዓት እንዲተካ፣ ለዚህም የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቧል። በአገሪቱ በሙሉ ጊዜ የሚሠሩት የፎረንሲክ ፓቶሎጂ ሐኪሞች ከ400 እስከ 500 ብቻ እንደሚሆኑም ገልጿል። የባለሙያ እጥረቱ የሥራውን ጥራት በቀጥታ ይነካል። የሕክምና መርማሪዎች ብሔራዊ ማኅበር አንድ ሐኪም በዓመት ከ250 በላይ የአስከሬን ምርመራ እንዳያካሂድ የሚመክር ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ325 ሲያልፍ የጽሕፈት ቤቱን ሙሉ ዕውቅና የሚያሳጣ ጉድለት አድርጎ ይቆጥረዋል።

የፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ በ2000 በወጣው የፖል ኮቨርዴል ሕግ መሠረት ለፎረንሲክ ላቦራቶሪዎችና ለሞት መርማሪ ጽሕፈት ቤቶች ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ የሕክምና መርማሪና የኮሮነር ሥርዓትን ለማጠናከር የተለየ የድጎማ መርሐ ግብር ጀምሯል። ገንዘቡ ወጣት ሐኪሞችን በፎረንሲክ ፓቶሎጂ ለማሠልጠንና ጽሕፈት ቤቶች የዕውቅና መስፈርት እንዲያሟሉ ለመደገፍ የታሰበ ነው። እንዲህ ያለው ድጎማ ወዴት ቢሄድ ይበልጥ እንደሚጠቅም ለመለየት ግን የትኛው ጽሕፈት ቤት ምን እንደጎደለው አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል።

ቆጠራው የራሱ ውስንነቶችም አሉት። ምላሹ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ መጠይቁን የሚሞላ ተጨማሪ ሠራተኛ የሌላቸው አነስተኛ ጽሕፈት ቤቶች ምላሽ ሳይሰጡ ሊቀሩ ይችላሉ። አቅም ያነሳቸው መሥሪያ ቤቶች ድርሻ በመረጃው ውስጥ ሊያንስ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል 14 ዓመታት ማለፋቸው ደግሞ በእነዚሁ ዓመታት የተባባሰው የአደንዛዥ ዕፅ ቀውስ በመርማሪ ጽሕፈት ቤቶች ላይ ያስከተለውን ጫና በየጊዜው ለመከታተል የሚያስችል ተመሳሳይ መረጃ እንዳይኖር አድርጓል።

ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለው ፋይዳ

ጉዳዩ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንንም የሚመለከት ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ክልሎች በድንገት የሞተ ሰው ጉዳይ የሚታየው መላ ክልሉን በሚሸፍን የሕክምና መርማሪ ጽሕፈት ቤት ነው። በኮሎራዶ ክልል በዴንቨር ከተማ የሕክምና መርማሪ ሲኖር፣ በአጎራባች ካውንቲዎች ግን ኃላፊነቱ በሕዝብ የተመረጡ ኮሮነሮች ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ የሞቱ ሁለት ሰዎች ጉዳይ እንደየአካባቢው በተለያየ ባለሥልጣንና በተለያየ አቅም ይመረመራል ማለት ነው።

አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሞት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። የመርዝ ምርመራ ውጤት በሚጠበቅበት ጊዜ የሞቱ ምክንያት ‹‹በመጣራት ላይ›› ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። አስከሬኑ ተሸኝቶ ቀብር ከተፈጸመ በኋላም የመድን ክፍያና የውርስ ጉዳይ የመጨረሻውን ውሳኔ ሊጠብቅ ይችላል። ጽሕፈት ቤቱ በቂ ሐኪምና ላቦራቶሪ ከሌለው ጥበቃው ይረዝማል፤ ሐዘን ላይ ያለው ቤተሰብም ወገኑ በምን እንደሞተ ሳያውቅ ይቆያል።

የሁለቱ ቆጠራዎች ተሞክሮ እንደሚያሳየው የሞት መረጃ ጥራት የሚጀምረው መረጃውን ከሚያመነጨው መሥሪያ ቤት ነው። አኃዝ ወደ ማዕከል ደርሶ ከተደመረ በኋላ ከመነሻው ያልተመረመረውን ሞት ማስተካከል አይቻልም። ማዕከላዊው መንግሥት የማዘዝ ሥልጣን በሌለው ዘርፍ ውስጥ ለቆጠራ ገንዘብ መመደቡም የሚያስገኘው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ በስንት ሠራተኛና በምን አቅም እንደሚሠሩ ሲታወቅ፣ ድጎማው ወዴት መሄድ እንዳለበት፣ የትኛውስ አኃዝ በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበት ለመወሰን መሠረት ይገኛል።